የሚያዳምጠው ፊት

ምሕረት ካሤ ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ስትሥል ኖራለች፤ ዳሩ ግን ከሕያው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ አትሥልም ነበር። ሥራዋ ሁሉ ከፎቶ ነው። ሙሽራው የሠርጉን፣ ሐዘንተኛው የሟቹን ያመጣላታል፤ ከመታወቂያ ላይ የተነሣች ጥፍር የምታህል ጉርድ ፎቶ እንኳ አትመልስም። ፎቶዋን በማስመሪያ በካሬ በካሬ ትከፍላታለች፤ ከዚያ እያንዳንዷን ካሬ በትልቁ ወረቀት ላይ አጉልታ ትገለብጣለች። ያየ ሁሉ «ቁርጥ እሱን!» ይላል።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሱቁን በከፈተች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ የእህል ነጋዴ «እኔን ራሴን እያየሽ ሣዪኝ» ብሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠላት። ሰውየው ያስነጥሳል፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል፣ ስልክ ያነሣል። ምሕረት ግንባሩን ስትይዘው አገጩ ያመልጣታል፤ አገጩን ስታስተካክል አፍንጫው ዞሮ ይጠብቃታል። ሲያልቅ ወረቀቱን አቅንቶም ዘቅዝቆም አየውና «ሸጋ ነው፤ አጎቴን የት አውቀሽው ነው?» አላት። ያንን የሰማ የመናኸሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶ ሳይዝ የመጣውን ሁሉ «ሂድና ተነሥተህ ና» እያለች ትሰድዳለች።

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን መምህር ደግሰው መጣ። ደግሰው በከተማው አማርኛ የሚያስተምር፣ ሰው የሚያከብረው የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው። በልጅነቱ ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ ባለች አንዲት የጊዮርጊስ ደብር ቅኔ ተምሯል። መምህሩ የኔታ ይሄይስ ወንበር ዘርግተው ማስተማር ከጀመሩ ዘንድሮ አርባ ዓመት ሞላቸው፤ ተማሪዎቻቸውም ከያሉበት ተሰብስበው ለኅዳር ጊዮርጊስ ሊያከብሯቸው፣ አዲስ በተሠራው የቅኔ ቤት አዳራሽም ትልቅ ሥዕላቸውን ሊሰቅሉ ቆርጠዋል።

«ፎቷቸው ይኸውልሽ» አለና ስልኩን ዘረጋላት። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ዓይናቸውን ክፈቺልን።»

ምሕረት ስልኩን ተቀብላ አየች። ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። የዓይናቸው ቆብ ተከድኖ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጉንጫቸው ላይ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አለ።

«ዓይነ ስውር ናቸው?»

«በዐሥራ አንድ ዓመታቸው ፈንጣጣ ወስዶባቸው ነው። እኛ ግን ለክብራቸው ብለን ነው። ነገ የማያውቃቸው ልጅ ገብቶ ‹ይኼ ዕውር ማነው?› እንዲል አንፈልግም። ጠባሳውንም ለስለስ አድርጊው።»

ምሕረት እንደታዘዘችው አደረገች። ዓይኑን ደግሰው ካመጣላት ከወንድማቸው ልጅ ፎቶ ላይ ተዋሰች፣ ጉንጩን አለሰለሰች፣ ጢሙን አስዋበች። ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ሸራው ላይ አንድ የሚያምር፣ ግርማ ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ሽማግሌ ተቀመጠ። ደግሰው ሲያየው እጁን አጨበጨበ።

በሰሞኑ የየኔታ ታላቅ እህት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ለሕክምና ሰቆጣ መጥተው ነበርና ደግሰው ሥዕሉን ሊያሳያቸው ወደ ሱቁ ይዟቸው መጣ። እማሆይ ከወንድማቸው ጋር አንድ ግቢ የሚኖሩ፣ የእሳቸውን በትር ጫፍ ይዘው የሚመሯቸው መነኩሲት ናቸው። ሸራው ፊት ቆመው ብዙ አዩ። ከዚያ ወደ ምሕረት ዞር አሉ።

«ደርባባ ሰው ናቸው። የማን አባት ናቸው?»

ደግሰው ሳቀ። «እማሆይ፣ ወንድምዎ ናቸው እኮ! የኔታ ናቸው!»

እማሆይ እንደገና አዩ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ምሕረት አየችው፤ ቅሬታ አልነበረም፣ የሰው ልፋት ላለማራከስ የሚደረግ ትሕትና ነበር። «እንዲያ ነው? እሰይ። እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

«ዓይናቸው ደክሟል፤ ለእኛ ግሩም ነው» አለ ደግሰው ተከትሏቸው ሲወጣ።

ምሕረት ግን በዚያ ቀን ሌላ ሥራ መንካት አልቻለችም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ አብራ የኖረች እህት ያላወቀችውን ፊት «የኔታ» ብሎ መስቀል ምን ማለት ነው? በማግስቱ ሱቁን ዘጋች። «ሥዕሉን ላሻሽለው ጋዝጊብላ ሄጃለሁ» ብላ ለደግሰው መልእክት ላከችና ሸራውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ቀለሟንና ወረቀቷን ሸክፋ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ አስከተማ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች። ከአስከተማ ወዲያ መኪና የለም። ሸራውን በአህያ አስጭና፣ ገብስ በሚያጭዱ ሰዎች መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዛ ከደብሩ ደረሰች። በዓሉ ሊደርስ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

የኔታ ይሄይስን ከቅኔ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ጀንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ማነሽ አንቺ፣ ፈራ ተባ እያልሽ የምትራመጂ?» አሏት ገና ሰላም ሳትላቸው።

«ምሕረት ነኝ፣ የኔታ። ሠዓሊዋ ነኝ፤ ከሰቆጣ።»

ጮክ ብለው ሳቁ። «እህቴ በስልክ ነግራኛለች። ሌላ ሰው ሆኜ ተሥያለሁ አሉ! መልከ መልካም ነው ብላኛለች፤ ቅር አላለኝም።»

ምሕረት ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላስተካክለው ነው የመጣሁ።»

«ጠባሳዬን ምን አደረግሽው?»

«አለሰለስሁት።»

የኔታ ሳቃቸውን ተዉ። የቀኝ እጃቸውን አንሥተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ መልኬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ነው። የዚያ ልጅ መልክ ዛሬ የለም። አሁን ‹መልክዎ እንዴት ያለ ነው?› ብትዪኝ የማውቀው ጣቴ የሚነግረኝን ነው። ይህች ከግራ ዓይኔ ሥር ያለችው ምስር ታህላለች። ይህች ደግሞ ሽንብራ ናት፤ ይህችን ሳስብ ሳስብ ስነካካት ነው የኖርሁ። እነዚህን ካጠፋሽብኝ እኔ ራሴን በምን ላውቀው?»

 ምሕረት በዚያው ዕለት፣ በተሰጠቻት ጎጆ በር ላይ ሸራውን ፈትታ አቆመችው፤ ትልቁን ብሩሽ አንሥታ ነጭ ቀለም ደፋችበት። መልከ መልካሙ ሰውዬ ከነክፍት ዓይኑ ከነጩ ሥር ገባ።  መመለሻ የላትም።

በማግስቱ ማለዳ ወረቀትና ከሰል ይዛ የኔታ ፊት ተቀመጠች። ካሬ የለም፣ ማስመሪያ የለም። ተማሪዎቹ የጎልማሳ ዕድሜ ያላቸውም ወጣቶችም ናቸው፤ ተራ በተራ እየመጡ ትናንት ያዘጋጁትን ቅኔ ይነግራሉ። የኔታ አንገታቸው አያርፍም። ወደ ነጋሪው ይዘነበላሉ፣ ይመለሳሉ፣ አቀርቅረው በጣታቸው መሬት ይጭራሉ፣ ድንገት ቀና ይላሉ። ምሕረት እስከ እኩለ ቀን ዐሥራ ሁለት ወረቀት አበላሸች። ያ የእህል ነጋዴ ተመልሶ በርጩማው ላይ የተቀመጠ መሰላት።

በሦስተኛው ቀን መላ ቢጠፋት «የኔታ፣ እባክዎ አንድ አፍታ ብቻ አይንቀሳቀሱ» አለቻቸው።

«እንዲህ?» አሉና ደርቀው ተቀመጡ። ፊታቸው ወዲያው እንደ መታወቂያ ፎቶ ሆነ፤ ሕይወቱ ከላዩ ተነሣ። ያ ስልክ ላይ ያየችው ፎቶ ቁጭ አለ።

«ይተዉት፣ የኔታ። እንደ ልማድዎ ይሁኑ።»

ያን ቀን ከሰሏን አስቀምጣ ዝም ብላ ስታይ ዋለች። ነገሩ የገባት ከሰዓት በኋላ ነው። እሷ ፊት ስትሥል ሁልጊዜ ከዓይን ነው የምትጀምር። ሌላው ሁሉ ዓይንን ተከትሎ ይመጣል። የኔታ ፊት ላይም ሳታስበው ዓይን ስትፈልግ ከርማለች፤ ያ ፊት ግን በዓይን አይደለም የሚመራው።

ኤርምያስ የሚባል ከደሃና ወረዳ የመጣ ተማሪ ተነሥቶ ቅኔውን ሲጀምር አየቻቸው። የየኔታ አገጭ ወደ ግራ ትከሻቸው ሄደ፤ ቀኝ ጆሯቸው ወደ ፊት መጣ። የቀኝ ቅንድባቸው ተነሣ። ከንፈራቸው ትንሽ ተከፈተ፣ ትንፋሻቸው ቆመ። ኤርምያስ የስንኙን ቤት ቢያፋልስ ያ ቅንድብ ይወድቃል፤ ቢመታው ግን «ይበል!» የሚለው የአድናቆት ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ መላ ፊታቸው ይበራል። በነዚያ ሁለት መካከል፣ ገና ሳይወድቅ ገና ሳይበራ፣ አንድ አፍታ አለ። የኔታ ሙሉ በሙሉ እዚያች አፍታ ላይ ናቸው።

ከሰሏን አነሣችና ከጆሯቸው ጀመረች።

አፍታዋ ከሰባት ስምንት ቆጠራ አታልፍም። ግን ደግነቱ ቅኔ ነጋሪው ብዙ ነበር። አንዱ ሲነግር ጆሮና ቅንድብ ትይዛለች፤ አፍታዋ ስታልፍ ትጠብቃለች፤ ሌላው ሲነሣ የከንፈሩን መስመር ትጨምራለች። እጇ መጀመሪያ ፈራ፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ በስድስተኛው ቀን ፈጠነ። ስትሳሳት አትደመስስም፤ ሌላ ወረቀት ትዘረጋለች። አርባ ሦስት ወረቀት ሆነ።

አንድ ጧት ወረቀቶቹን ጎጆዋ በር ላይ ዘርግታ፣ እንዳይበሩባት ድንጋይ ስትጭንባቸው እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ። ጎንበስ ብለው አንዷን አዩ። ቀጥሎ በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ቱግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለምሕረት አልነበረም፣ ለወረቀቱ ነው።

«ምን አሉት፣ እማሆይ?» አለች ምሕረት ደንግጣ።

እማሆይ ራሳቸውም ደነገጡ። «ቁርሱን ሳይቀምስ ነው የተቀመጠው! ‹ተነሥና ብላ› አልሁት» አሉና አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ምሕረት ሮጣ ብታቅፋቸው ደስታዋ ነበር። በዚያ ፈንታ ወደ ጎጆዋ ገባችና ቀለም መበጥበጥ ጀመረች።

ሸራው ላይ ያለው ሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። የየኔታን የቆዳ ቀለም ከጠርሙስ አላወጣችውም፤ ከቡናማና ከቢጫ፣ ከጥቂት ቀይ ጋር እያዋሐደች ሠራችው። ጀንበር የማትነካውን ጉንጫቸውን ግን ትክ ብላ ብታየው ሰማያዊ አለበት፤ እሱንም አልፈራችውም። ከወንዝ ዳር ደቃቅ አሸዋ አስመጥታ በወንፊት ነፋችው፤ ከኮላና ከቀለም ጋር ለውሳ ጉንጩ ላይ እንደ ምርጊት ደራርባ ቀባችው። ሳይደርቅ የኔታን አስጠራቻቸው። እሳቸው በጣታቸው የራሳቸውን ፊት እየነኩ «እዚህ ላይ ምስሯ፣ ከሷ ዝቅ ብሎ ሁለት ጤፍ፣ እዚህ ሽንብራዋ» ሲሏት እሷ በብሩሹ ጫፍ እየተጫነች አጎደጎደችው። የዓይናቸውን ቆብ እንደተከደነ፣ እንደ ጎደጎደ ሣለችው። ቅንድቡን መጨረሻ ላይ አስቀመጠች፤ በአንድ ምት። ያን ምት ሠላሳ ጊዜ ወረቀት ላይ ተለማምዳው ነበር።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ደግሰው ደረሰ። ጎጆው በር ላይ ቆሞ ሸራውን አየ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ምሕረት፣ ምንድነው ይኼ? ያኛው የት አለ?»

«ከሥሩ ነው ያለ።»

«ከምን ሥር?»

«ከዚሁ ሥር። ቀለም ደፍቼበታለሁ።»

«ዓይናቸውን ክፈቺ ብዬሽ አልነበር? ጠባሳውንስ? ይባስ ብለሽ ቆፈርሽው!»

«ከፍቼው ነበር፣ ጋሼ ደግሰው። እማሆይ አላወቋቸውም።»

«አራት ቀን ነው የቀረን! አገር ተጠርቷል! ምን ልንሰቅል ነው?»

ምሕረት ብሩሿን አስቀመጠች።  «ካልወደዳችሁት አትስቀሉት፤ ለእኔ ይቅር። እኔ ግን ሌላ አልሥልም። ያየኋቸው እኒህን ነው።»

ደግሰው ተቆጥቶ ወደ የኔታ ሄደ። የተባባሉትን ምሕረት አልሰማችም፤ ሲመለስ ግን ጆሮው ቀልቷል። «‹ዓይን አውሱኝ ብያችሁ አውቃለሁ ወይ?› አሉኝ» አለ በዝግታ። «ይሰቀላል። ሰው ቢያፍርበት ግን ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።»

«ይሁን» አለች።

የኅዳር ጊዮርጊስ ዕለት በደብሩ ግቢ መቆሚያ ጠፋ። ከደሃና፣ ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ከላሊበላ በኩል ሳይቀር ቄሱም ዲያቆኑም፣ መምህሩም ሐኪሙም መጥቷል፤ ሁሉም አንድ ዘመን እዚያ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ የተገረፈና የተመረቀ ነው። ቅዳሴው አልቆ፣ ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ከገባ በኋላ ሰው ወደ አዳራሹ ጎረፈ። የኔታ ከፊት፣ እማሆይ ከጎናቸው ተቀመጡ። ምሕረት ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ደግሰው ጥቂት ቃል ተናገረና መጋረጃውን ሳበው።

አዳራሹ ጭጭ አለ።

  ምሕረት ሾልካ ልትወጣ ወደ በሩ ዞር ስትል ከመካከል አንድ ሰው ሲነሣ አየች። ቄስ ገበያው ናቸው፤ ከየኔታ የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ፣ ከደሃና ጫፍ ሁለት ቀን በእግራቸው የመጡ ጢማቸው የነጣ ካህን። ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። ትክ ብለው አዩት። ቀስ ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ፣ እግራቸውን ገጠሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቅኔ ጀመሩ! አንድ ቤት ብለው፣ ሁለተኛውን አጋምሰው ድንገት የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና አፋቸውን ያዙ።

«ይቅር በሉኝ፣ ወንድሞቼ! ፊታቸውን ሳየው ‹በል፣ ንገር› ያሉኝ መሰለኝ!»

«ገበያው!» አሉ የኔታ ከተቀመጡበት። «ያችን ሁለተኛዋን ቤት ዛሬም አበላሸሃት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፤ የውጩ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተቀበላቸው። ተማሪ የነበረው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ተጋፋ። አንዱ «ቅንድባቸውን እዩት፣ ሊወድቅብኝ ነው!» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ሊሉልኝ ነው፣ ‹ይበል› ሊሉልኝ ነው!» ይላል። ሽበታም ሰዎች እንደ ልጅ ተሰለፉ፤ ተራ በተራ ከሥዕሉ ፊት እየቆሙ በወጣትነታቸው የተቀኙትን ይነግሩ ጀመር። ምሕረት ሰልፉን ብታይ ሦስተኛው ደግሰው ነው። ጋቢውን እያጣፋ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ የረሳትን ቤት ያስታውሳል።

ግርግሩ ጋብ ሲል የኔታ «ወደዚያ አድርሱኝ» አሉ። እማሆይ በትራቸውን ይዘው መሯቸው። ሰው መንገድ ለቀቀ። የኔታ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣታቸው በመጀመሪያ ጥምጣሙን አገኘ፣ ከዚያ ግንባሩን፣ ከዚያ ወደ ግራው ጉንጭ ወረደ። ከዓይኑ ሥር ቆመ። ትንሽ ዝቅ አለ፣ ፈለገ፣ ሽንብራዋን አገኛት። እዚያ ላይ ጣታቸውን እያመላለሱ ብዙ ቆዩ። ሌላው እጃቸው ሳያውቁት የራሳቸው ጉንጭ ላይ ወጥቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ወዲያው ቀና አሉና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አፍታም ሳያስቡ ቅኔ ዘረፉ። ምሕረት ግዕዙ አልገባትም፤ አጠገቧ የነበረው ኤርምያስ ነው በጆሮዋ የፈታላት። ሰሙ ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ነው፤ ወርቁ ግን የእሷ እጅ ነው። የመጨረሻዋ ቤት ስትመታ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ «ይበል! ይበል!» ሲል የአዳራሹ ቆርቆሮ ተነቃነቀ።

«የት አለች?» አሉ የኔታ። «ያቺ ፈራ ተባ የምትል ልጅ የት አለች?»

ሰው እየገፋ፣ እየተቀባበለ አመጣት። የኔታ ራሷን ዳስሰው መረቋት፤ እሷ ዕንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ከሰል የነካው ክንዷ ጉንጯን እያጠቆረው፣ ትስቃለች። ደግሰው ቀረብ ብሎ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለላት።

ጠላውና ድግሱ ሲቀርብ ምሕረትን ከየኔታ አጠገብ አስቀመጧት። ሰው አሁንም ይነሣል፣ ይሰለፋል፣ ይቀኛል። ምሕረት ግን አላርፍ ብላለች። ያ ሁሉ ፊት አዳራሹን ሞልቶታል፤ የሚጎርሰው፣ የሚከራከረው፣ ከጓደኛው ትከሻ ላይ ተደፍቶ የሚስቀው። ከመቀነቷ ከሰል አወጣች፤ ከጉያዋ ወረቀት። ከየኔታ ወዲያ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በቄስ ገበያው ላይ እየሳቁ አፋቸውን በእጃቸው ከድነዋል። ምሕረት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ከዚያ እጅ ጀመረች።